«የቤተ ልሔም ቆጠራ»፤ ስለ አንድ የገጠር እንግዳ ማረፊያ የተሣለ ታሪካዊ ሥዕል

በቤልጅግ አገር፥ በብሩክሴል ከተማ፥ በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ፥ ከፍታው 116 ሳንቲሜትር፥ ስፋቱም 164 ሳንቲሜትር ያህል የሚሆን፥ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ አንድ ሥዕል ይገኛል። ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው የሚታየው በበረዶ የተሸፈነ መንደር፥ በመንደሩም ውስጥ ሕዝብ የተጨናነቀበት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነው። መንገደኛው፥ ባለ ጋሪው፥ አራጁ፥ ሕፃናቱ፥ ዶሮዎቹ እንኳ ሳይቀሩ ሁሉም በየጉዳያቸው ተጠምደዋል። ይህን ያየ ሰው ሠዓሊው የገጠሩን ሰው ኑሮ ለማሳየት ብቻ የሣለው ይመስለዋል። የሥዕሉ ስም ግን «የቤተ ልሔም ቆጠራ» ይባላል። የሣለውም የፍላንድሩ ሠዓሊ ፒተር ብሩገል (ፒተር ማለት በእኛ ቋንቋ ጴጥሮስ ነው) ሲሆን፥ ስሙንና 1566 የሚለውን ዘመን በሥዕሉ ላይ ጽፎበታል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ይህ ሥዕል በቤተ ሰብ ገጽ ላይ እንዲነገርለት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ የአንዲት የመውለጃዋ ቀን የተቃረበ እናት ነገር ነው። ደግሞም የሥዕሉ ግልባጭ በየመጽሐፉ ታትሞ ስለሚገኝ፥ በልደት በዓል ሰሞን አባትና እናት ልጆቻቸውን ሰብስበው አብረው ሊያዩት የሚመች ነው። ልጆቹንም «እመቤታችን ከየት አለች?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልጆች በበረዶ የሚንሸራተቱትን እኩዮቻቸውን ወዲያው ያገኟቸዋል፤ የሚታረደውን እሪያና ጥሬ የሚለቅሙትን ዶሮዎች ያሳያሉ፤ የቆመውን መንኮራኩር፥ የቀላችውን ፀሐይ ይቆጥራሉ። እመቤታችንን ለማግኘት ግን ጊዜ ይፈጅባቸዋል። አዋቂዎችም ቢሆኑ ከልጆቹ ብዙ አይፈጥኑም።

እንግዲህ በግራ በኩል ከሚታየው ከማረፊያው ቤት እንጀምር። በግድግዳው ላይ ከአረንጓዴ ቅጠል የተጎነጎነ ክብ አክሊል ተሰቅሏል። ይህ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቤት መጠጥና ማደሪያ መኖሩን ማንበብ ለማይችለው መንገደኛ ሁሉ የሚያስታውቅ ምልክት ነው። በአገራችን ጠላ የሚሸጥበት ቤት በደጁ እንጨት ተክሎ በጫፉ ላይ ጣሳ እንደሚደፋበት፥ የፍላንድርም ባለ ማደሪያ አክሊሉን ይሰቅል ነበር። ምልክቱ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ዳሩ ግን በዚያ ቀን ሕዝቡ የተሰበሰበው ለመጠጥ አይደለም። በዚያ ዘመን በነበሩት የኤውሮፓ መንደሮች ውስጥ የእንግዳ ማረፊያው ቤት ከሌሎቹ ቤቶች ይልቅ ሰፊና ለሁሉ የታወቀ ስለ ነበረ፥ ነጋዴ የሚዋዋለው፥ አዋጅ የሚሰማው፥ ግብር ሰብሳቢውም ሲመጣ መዝገቡን የሚዘረጋው በእርሱ ነበር። ብሩገልም ይህነን ልማድ አይቶ ሥዕሉን በእርሱ ላይ መሠረተ። በማረፊያው መስኮት ውስጥ ሹማምንቱ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ገንዘቡን ይቀበላል፥ ሌላው በመዝገብ ይጽፋል። ከመስኮቱ አጠገብ በግድግዳው ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር የተሣለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ይኸውም በዚያ ዘመን ፍላንድርን ይገዛ የነበረው የሐብስቡርግ ቤተ መንግሥት አርማ ነው። ከመስኮቱ በታች ሕዝቡ እርስ በርሱ እየተገፋፋ ቆሟል። አብዛኞቹ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተዋል፤ የምናየው ባርኔጣቸውን፥ ካባቸውንና ወደ መስኮቱ የተዘረጋውን እጃቸውን ነው።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ከጽሕፈት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ባለ ጉዳይ የሚቀበሉ ስለ ሆኑ፥ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያሻል። ሥዕሉን ከውጭ ሆነን ስናየው ሁሉም ይታየናል፤ ነገር ግን በመስኮቱ ውስጥ በተቀመጠው ጸሓፊ ቦታ ሆነን ብናየውስ? ጸሓፊው የሚያየው የተዘረጉትን እጆች፥ ሳንቲሙንና በመዝገቡ ላይ የሚጻፈውን ስም ነው። ከመጀመሪያው ተራ በኋላ ያሉትን እንኳ በሚገባ አያይም። ከሕዝቡ ጀርባ በስተኋላ በአህያ ተቀምጣ የምትመጣውን ሴት ለማየት ከወንበሩ መነሣት ያስፈልገው ነበር። ይህ ሰው ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ብሩገልም የክፉ ሰው ፊት አልሰጠውም። ለእኛ አስተያየት የሥዕሉ ብርታት ያለው ከዚህ ላይ ነው፤ ሠዓሊው ጥፋተኛ የሚሆን ሰው ቢፈልግ ኖሮ ማግኘቱ ቀላል ነበረ።

ከሕዝቡ ፊት፥ ከማረፊያው ቤት ደጅ፥ አንድ እሪያ ይታረዳል። አራጁ በእንስሳው ላይ ተደፍቶ ቢላውን ሰክቷል፤ አንዲት ሴት ደግሞ እጀታው ረጅም የሆነ መጥበሻ ይዛ ደሙን ትቀበላለች። እኛ እሪያ የማንበላ ሰዎች በመሆናችን ይህ ለዓይናችን ደስ የሚያሰኝ አይመስልም። ነገር ግን በሰሜን ኤውሮፓ የገጠር ቤተ ሰብ ዘንድ የዓመቱ ታላቅ የቤት ሥራ ይህ ነበር። በብርዱ ወራት ሣር ስለሚጠፋና እንስሳውን መቀለብ ስለሚከብድ፥ በልደት በዓል ዙሪያ ያርዱና ሥጋውን በጨው አሽተው ወይም በጢስ አድርቀው እስከ ጸደይ ይበሉት ነበር። ደሙም ከእህል ጋር ተቀላቅሎ በአንጀት ይሞላ ስለ ነበር አይደፋም። የቤት እመቤት የሆነች አንባቢ የዚያችን ሴት አያያዝ ብታይ፥ ከእጇ አንዲት ጠብታ እንዳትባክን የምትጠነቀቅ ባልቴት መሆኗን ሳይነግሯት ታውቃለች። ሊቃውንት ይህን የእሪያውን መታረድ ወደፊት ስለሚመጣው መሥዋዕት የተሰጠ ምሳሌ ነው ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ይሁን፤ ግን ምሳሌም ባይሆን ለበዓሉ ቤት የሚያስፈልግ ሥራ ነው።

ሠዓሊው መንደሩን የተመለከተው ከፍ ካለ ስፍራ ላይ እንደ ቆመ ሰው ሆኖ ስለ ሆነ፥ ዓይናችን ከማረፊያው ቤት ተነሥቶ እስከ አድማሱ ድረስ ያለ አንዳች መሰናክል ይሄዳል። በርሜል የተጫነባቸው ጋሪዎች ቆመዋል። በሥዕሉ መካከል አንድ የጋሪ መንኮራኩር ብቻውን ቆሞ ይታያል። ወንዙ ረግቶ እንደ ድንጋይ ስለ ጠነከረ ሰዎች ሸክማቸውን ተሸክመው በላዩ ይሻገራሉ። አንድ ቤት ገና በመሠራት ላይ ነው፤ ማገሩ እንጂ ግድግዳው አልተመረገም። በሩቅ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ይታያል። ግንዱ ባዶ የሆነ አንድ ትልቅ ዛፍም አለ፤ እርሱም እንደ መጠጥ ቤት ሆኖ ያገለግላል፤ ስለዚህ በዚያ መንደር ማረፊያው ቤት ቢሞላ እንኳ በዛፍ ውስጥ የሚጠጣ ሰው አለ ማለት ነው። በስተግራ ከራቆቱት ቅርንጫፎች መካከል ልትጠልቅ የተቃረበች ቀይ ፀሐይ ትታያለች። ቀኑ አጭር ነው፥ ሊመሽም ነው፥ ብርዱም ይበረታል። ማደሪያ ለሌለው ሰው ይህች ፀሐይ ምን ማለት እንደ ሆነች ማንም መንገደኛ ያውቀዋል።

በቀኝ በኩል ከሌሎቹ ቤቶች ተነጥላ የቆመች አንዲት ትንሽ ጎጆ አለች። በአጠገቧ በበረዶው ውስጥ ጎመን ተተክሏል፤ አንዲት ሴትም ጎንበስ ብላ ትለቅማለች። በጎጆዋ በር ላይ የሥጋ ደዌ ያደረበት አንድ ሰው ይታያል። በዚያ ዘመን ሕግ እንዲህ ያለው በሽተኛ ከሰው ተለይቶ መኖር፥ ሲወጣም ሰው እንዲርቀው በእጁ የሚንቋቋ እንጨት ይዞ ማሰማት ነበረበት። ብሩገል ይህን ሰው በሥዕሉ ጥግ ወርውሮ አልተወውም፤ ለእመቤታችን መንገድ ቅርብ አድርጎ አኖረው። ከመንደሩ ማኅበር የተለየው ድኃና ማደሪያ ያላገኘችው እንግዳ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ሁለቱንም የሚያያቸው የለም።

ሕፃናቱ ግን በሁሉ ስፍራ አሉ። በረጋው ወንዝ ላይ ይንሸራተታሉ፤ አንዳንዶቹ በበረዶ ድቡልቡል ይወራወራሉ፤ እሽክርክሪት የሚያሾር አለ፤ ከእንስሳ የመንጋጋ አጥንት በተሠራ መንሸራተቻ ላይ የተቀመጠም አለ። መጫወቻ የሚሸጥበት ሱቅ በሌለበት ስፍራ ልጅ ከታረደ ከብት አጥንት መጫወቻ ይሠራል፤ ይህስ ለእኛም አገር ልጆች እንግዳ አይደለም። ብሩገል የልጆችን ጨዋታ አስተውሎ የሚያይ ሰው ነበረ። በ1560 የሣለውና ዛሬ በቪየና የሚገኘው «የልጆች ጨዋታ» የተባለው ሥዕሉ በሰማንያ ያህል የጨዋታ ዓይነት የተሞላ ነው። በዚህኛው ሥዕል ላይ ልጆቹ ግብር መኖሩን አያውቁም፤ ቄሣር ማን እንደ ሆነ አያውቁም፤ ብርዱም ለእነርሱ መከራ ሳይሆን ደስታ ነው።

አሁን ወደ ተፈላጊዋ እንመለስ። ከማረፊያው ቤት ፊት፥ ከሥዕሉ መካከል ወደ ታች ዝቅ ብሎ፥ በጋሪዎቹ አጠገብ አንድ ሰው አህያ እየሳበ ይሄዳል። ባርኔጣው ሰፊ ስለ ሆነ ፊቱ አይታይም፤ በትከሻው ላይ ግን ረጅም መጋዝ ተሸክሟል። አናጢ ነው። በአህያዪቱ ላይ ሰማያዊ መጎናጸፊያ የተከናነበች ሴት ተቀምጣለች። ከብርዱ የተነሣ ጥብቅ አድርጋ ስለ ተሸፋፈነች የሚታየው ፊቷ ብቻ ነው። በጎናቸው አንድ በሬ አብሮ ይሄዳል። በሬውና አህያዪቱ በኋላ በግርግሙ አጠገብ የሚቆሙት እንደ ሆኑ ክርስቲያን ሁሉ ያውቃል። በራሷ ላይ የብርሃን አክሊል የለም፤ መልአክ አይቀድማትም፤ ከሰማይም ጨረር አይወርድላትም። በዚያ መንደር ውስጥ ካሉት ሰዎች መካከል አንድም ሰው ራሱን አዙሮ አይመለከታትም። መጋዙና ሰማያዊው መጎናጸፊያ ባይኖሩ ኖሮ እኛም ባላወቅናቸው ነበር።

ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ ሁለት እንደ ጻፈው፥ አውግስጦስ ቄሣር ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ባዘዘ ጊዜ ዮሴፍ ከዳዊት ወገን ስለ ነበረ ከናዝሬት ተነሥቶ ወደ ቤተ ልሔም ሄደ። ከዚያም በኋላ የሆነውን፥ በማደሪያው ስፍራ እንዳልተገኘላቸው፥ ሕፃኑም በግርግም እንደ ተኛ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማስታወስ ይገባል። ሉቃስ በግሪክ ቋንቋ ማደሪያውን የጠራበት «ካታሊማ» የተባለው ቃል በሰው ቤት ያለ የእንግዳ ክፍልም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጌታ የመጨረሻውን እራት የበላበትን ክፍል በዚሁ ቃል ይጠራዋልና። ስለ ደጉ ሳምራዊ በተነገረው ምሳሌ ውስጥ ግን «ፓንዶኬዮን» የሚል ሌላ ቃል ገብቷል፤ ይኸውም ገንዘብ ተከፍሎ የሚታደርበት ቤት ነው። የኤውሮፓ ሠዓሊዎች ይህን ልዩነት አልተከተሉትም። ለእነርሱ ማደሪያው አክሊል የተሰቀለበት፥ በርሜል የሚወርድበት፥ ባለቤቱ የሚጮህበት የገጠር ማረፊያ ቤት ነበር።

ብሩገል የመረጠው ጊዜ ግን «ስፍራ የለም» የተባለበትን ጊዜ አይደለም። ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ነው። ዮሴፍ ገና ከደጁ አልደረሰም፤ ባለ ማደሪያውን ገና አልጠየቀም፤ ከሕዝቡም ኋላ ገና ተራ አልያዘም። በሩም ገና አልተዘጋም። የልደትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሥዕሉን ሲያይ ልቡ የሚጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚመጣውን እናውቃለን፥ በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ግን አያውቁም። ከእነርሱ አንዱ ዞር ብሎ «ይህችን ሴት አሳልፏት» ቢል ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር የሚል አሳብ ወደ ልባችን ይገባል፤ ሆኖም ሁሉም ጀርባውን እንደ ሰጠ ነው።

ይህን ታሪክ ከብሩገል በፊት የሣሉት ጥቂቶች ናቸው። ከእነርሱ ዋነኛው በቁስጥንጥንያ ኮራ በተባለው ቤተ ክርስቲያን በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጥቃቅን ባለ ቀለም ድንጋዮች የተሠራው ነው። በዚያ ሥዕል ላይ አገረ ገዥው ቄሬኔዎስ በወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ጸሓፊው መዝገቡን ዘርግቶ ቆሟል፤ እመቤታችንም በፊታቸው ቀጥ ብላ፥ ቁመቷ ከፍ ብሎ፥ የብርሃን አክሊል ደፍታ ትታያለች። ሹሙ ያያታል፤ ጸሓፊውም ያያታል። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናትም እንዲሁ የልደትን ሥዕል ያየ ሰው እመቤታችንን ለመፈለግ አይደክምም፤ ዓይኗ ገልጦ የሚያይ፥ ከሌሎቹ ሁሉ ጎልታ የምትታይ እርሷ ናት። ሁለቱ ልማዶች የተለያየ ነገር ይናገራሉ። የምሥራቁ ሥዕል እርሷ ማን እንደ ሆነች ይነግረናል፤ የብሩገል ሥዕል ደግሞ በዚያች ቀን በሰዎች ዓይን ምን መስላ እንደ ታየች ይነግረናል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አይደለም።

ቤተ ልሔም በይሁዳ ምድር ስትሆን በፍላንድር በረዶ ውስጥ መሣሏ ስሕተት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን የእኛም ሠዓሊዎች ቅዱሳኑን በሸማና በካባ፥ ወታደሮቹን በጋሻና በጦር ሲሥሉ የኖሩ ናቸው። ሠዓሊ ታሪኩን ወደ ገዛ መንደሩ የሚያመጣው ለማያየው ሕዝብ እንዲታየው ነው። በረዶውም ቢሆን ከአእምሮ የመጣ አይደለም። ከ1564 እስከ 1565 የነበረው የብርድ ወራት በሰሜን ኤውሮፓ እጅግ የከፋ ነበር፤ ብሩገል በዚያው በ1565 «አዳኞች በበረዶ» የተባለውን ዝነኛ ሥዕሉን ሣለ። ከእርሱ በፊት በረዶን በትልቅ ሰሌዳ ላይ እንደዚህ አስተካክሎ የሣለ ሠዓሊ የለም ማለት ይቻላል።

ዘመኑም የጭንቅ ዘመን ነበረ። ፍላንድርና በዙሪያዋ ያሉት አገሮች የሚገዙት በእስፓኙ ንጉሥ በፊልጶስ ሁለተኛ ሲሆን፥ ንጉሡ በ1559 ወደ እስፓኝ ሄደው እኅታቸውን ማርገሪታን በብሩክሴል እንደራሴ አድርገው ትተዋቸው ነበር። በ1566 በሚያዝያ ወር መኳንንቱ ስለ ሃይማኖት የወጣው ከባድ ሕግ እንዲላላ ለእንደራሴይቱ አቤቱታ አቀረቡ። በነሐሴም ወር የተቆጣ ሕዝብ በየቤተ ክርስቲያኑ እየገባ የቅዱሳንን ሥዕልና ሐውልት ሰባበረ። በተከታዩ ዓመት በ1567 የአልባው መስፍን ጦር ይዘው መጡ፤ ከዚያም ለሰማንያ ዓመት የቆየ ጦርነት ተነሣ። እንግዲህ የቅዱሳን ሥዕል በሚሰበርበት ዓመት ብሩገል የእመቤታችንን ሥዕል ሣለ፤ ያውም ማንም በማያስተውላት ስፍራ ሰውሮ። በመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለውን የንስር አርማ አይተው «ሠዓሊው ግብሩን ሊነቅፍ ነው» የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እርሱ ራሱ የጻፈው ቃል ስለ ሌለ ይህን እርግጥ አድርጎ መናገር አይቻልም። ነገር ግን በዚያ መስኮት ፊት የቆመ የፍላንድር ገበሬ ሥዕሉን ቢያይ አርማው የማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

ብሩገል በዚያው ዘመን ገደማ ሄሮድስ ሕፃናትን ያስፈጀበትንም ታሪክ በበረዶ በተሸፈነ የፍላንድር መንደር አድርጎ ሥሎታል። ያ ሥዕል በኋላ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሩዶልፍ ሁለተኛ እጅ ገባ፤ በዚያም የተገደሉት ሕፃናት እንስሳትና ጥቅልል ዕቃ እንዲመስሉ ሌላ ቀለም ተቀባባቸው። ዛሬ በእንግሊዝ ነገሥታት ዘንድ በሚገኘው በዚያ ሥዕል ላይ እናቶች ስለ ዝይና ስለ ጥቅል ሲያለቅሱ ይታያሉ። «የቤተ ልሔም ቆጠራ» ግን እንደዚህ ያለ እጅ አልነካውም። የሚያስፈራ ነገር በላዩ ባለመኖሩ ይሆናል፤ ሰው ያልታየበት ነገር የሚሰረዝ አይደለምና።

ስለ ሠዓሊው ቤተ ሰብ ጥቂት ሳንናገር ብናልፍ የዚህ ገጽ አንባቢዎች ይወቅሱናል። ብሩገል በ1551 በአንቨርስ ከተማ በሠዓሊዎች ማኅበር ውስጥ ገባ፤ ወደ ኢጣልያም ሄዶ ተመለሰ። በ1563 በብሩክሴል የመምህሩን የፒተር ኩክን ልጅ ማይከንን አገባ። በ1604 ስለ ሠዓሊዎች ሕይወት መጽሐፍ ያሳተመው ቃሬል ቫን ማንደር እንደሚተርከው፥ ይህችን ልጅ ሕፃን ሳለች ብሩገል በክንዱ ያቅፋት ነበር። እንዲሁም ከአንድ ወዳጁ ጋር የገበሬ ልብስ ለብሶ፥ እንደ ዘመድ ስጦታ ይዞ ወደ ገጠር ሰርግ እየገባ የሰዉን አበላል፥ አጨፋፈርና አነጋገር ያይ ነበር ይላል። በማረፊያው ደጅ የምናያቸው ሰዎች እንደዚህ ሕያዋን የሆኑት በዚህ ምክንያት ይመስለናል፤ ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ያልበላ ሰው የገበሬውን ጀርባ እንኳ እንዲህ አድርጎ መሣል አይሆንለትም።

ብሩገል በ1569 ሲሞት ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ፒተርና ያን ገና ሕፃናት ነበሩ። የሚስቱ እናት ማይከን ፈርሁልስት ግን ራሷ ሠዓሊ ነበረች። ቫን ማንደር እንደ ጻፈው ያን በውኃ ቀለም መሣልን የተማረው ከዚህች ከአያቱ ነው። ሁለቱም ልጆች አድገው ስመ ጥር ሠዓሊዎች ሆኑ። አባታቸውን ለማወቅ ባልበቁ ልጆች እጅ የአባት ጥበብ ሳይጠፋ የቀረው በአንዲት አሮጊት ትጋት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ታላቁ ልጅ ፒተር የአባቱን ሥዕሎች እየገለበጠ መሸጥ ሥራው ሆነ። «የቤተ ልሔም ቆጠራን» ብቻ እንኳ ከእርሱና ከረዳቶቹ እጅ የወጡ ከዐሥር የሚበልጡ ግልባጮች ይታወቃሉ፤ ከእነርሱም በፈረንሳይ አገር በሊልና በካን ከተሞች ሙዚየሞች የሚገኙ አሉ። በየግልባጩ ማረፊያው ቤት፥ አክሊሉ፥ እሪያው፥ መስኮቱና አህያዪቱ ሁሉም በየስፍራቸው ናቸው። ከመጀመሪያው ሥዕል ጋር ሲተያዩ ግን የጎደለ ነገር አለ፤ በቅርንጫፎቹ መካከል የነበረችው ቀይ ፀሐይ በልጁ ሥራ ላይ አልወጣችም። ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ልጁ አባቱ የተዋቸውን ንድፎች አግኝቶ ይሠራ ነበር እንጂ የተፈጸመውን ሥዕል በፊቱ አድርጎ አልገለበጠም ብለው ይገምታሉ፤ ያ ሥዕል በዚያን ጊዜ በሌላ ሰው ቤት ነበርና። በ1902 ወደ ብሩክሴል ሙዚየም የገባው ዋናው ሥዕል ግን ፀሐይዋን ይዟል። በእርሷ ብርሃን ዮሴፍ አህያዪቱን እየሳበ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ በመስኮቱም ውስጥ ጸሓፊው ገና ይጽፋል።